የቅሬው መኪና እና ቀጭኑ ዘይት

ዘይት በጣቱ የሚፈርድ ሰው አልወድም። አውራ ጣቱን ከሌባ ጣቱ ጋር እያፋተገ፣ ዓይኑን እንደ ጠጅ ቀማሽ ጨፍኖ «ይሄ ወፍራም ነው፤ ዘይት ማለት ይሄ ነው» ሲል ስሰማ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ይህን ሰው መርሳ ገበያ አግኝቼዋለሁ። ወልድያ መናኸሪያ አግኝቼዋለሁ። ዲግሪውን ግድግዳ ላይ የሰቀለ ሰው ቢሮ ውስጥም ቁጭ ብሎ አግኝቼዋለሁ። ጣት የገንፎ ዳኛ ነው፤ የሞተር ዳኛ አይደለም። ይህን ለመናገር ከማንም ፈቃድ አልጠይቅም።

ቁጣውን የወረስሁት ከአክስቴ ከሀጂራ ነው። በስምንት ዓመቴ፣ ጦርነቱ መርሳ የገባ ጊዜ ግን ስለ አክስቴ እርግጠኛ የሆንሁበት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ ነፍሰ ገዳይ መሆኗ። የገደለችው ደግሞ የእናቴን መኪና ነበር።

መኪናው በእርግጥ የእናቴ አልነበረም፤ የቅሬው ነበር። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ በሀብሩ ወረዳ ቅሬ እንለዋለን። ቅሬ ያስታምማል፣ ይቀብራል፣ ያስታርቃል። ከቅሬ የወጣ ሰው ቤቱ ሐዘን ቢገባ ድንኳን የሚተክልለት፣ ሬሳውን የሚሸከምለት የለም። በእኛ ቅሬ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ነበር። ጂዳ በሰው ቤት የሚሠሩ የሰፈራችን ሴቶች ተጠራርተው አዋጡና በናፍጣ የሚሄድ አዲስ ነጭ መኪና ገዝተው ላኩ። ታማሚ ወልድያ ሆስፒታል እንዲያደርስ፣ ሞት ሲመጣም ሬሳ እንዲያደርስ ነው። ካዋጡት አንዷ እናቴ ነበረች።

«ዙልፋዬ» አለችኝ በስልክ፣ «ወንበሩ ላይ ስትቀመጪ፣ እኔ ጭን ላይ የተቀመጥሽ አድርገሽ ቁጠሪው።»

እኔም እንዳለችኝ ቆጠርሁት። ማንም ሳያየኝ ወንበሩን አሸት ነበር። የሚሸተው አዲስ ፕላስቲክ ነው። ለእኔ ግን የእናቴ ሽታ እሱ ሆነ፤ እውነተኛውን ረስቼዋለሁና።

እናቴ ስትሄድ አደራ የሰጠችኝ ለአባቴ እህት ለሀጂራ ነው። ሀጂራ ወልድያ፣ አንድ የቴክኒክ ኮሌጅ ውስጥ የመኪና ጥገና አስተማሪ ነበረች። ጠዋት በሚኒባስ ትሄዳለች፣ ማታ በሚኒባስ ትመለሳለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ከሾፌሩ ጋር ተጨቃጭቃ ነው የምትወርደው። የቅሬው መኪና ሲመጣ ሽማግሌዎቹ ቁልፉን ለእሷ ሰጡ። ይህ ያስቆጣው ሰው ቢኖር ጀብሪል ነበር። ጀብሪል ዋናው መንገድ ላይ መለዋወጫ ይሸጣል፤ ከሱቁ ፊት የዘይት በርሜል አቁሟል፤ እሱ ራሱ አዲስ ፒካፕ አለችው። በመርሳ ስለ ሞተር የሚጠየቀው እሱ ነበር፤ ሀጂራ እስክትመጣ።

የመጀመሪያውን ጠብ አስታውሳለሁ። አክስቴ ከአዲስ አበባ ያስመጣቻቸውን ነጫጭ የዘይት ጀሪካኖች ታቅፋ በሱቁ ፊት ስታልፍ ጀብሪል አስቆማት። አንዱ ተከፍቶ ነበር። ጣቱን ነከረ፣ አፋተገ፣ ለተሰበሰበው ሰው አሳየ።

«ወላሂ ይሄ ውሃ ነው! ሞተሩን ልታጥቢበት ነው ልታጠጪው?»

«መጀመሪያ ጣትህን ታጠብ።»

«እኔ የምልሽ፣ ይህ ቆላ ነው። ቀጭን ዘይት የፈረንጅ ነው፤ በረዶ ለሚወርድበት አገር። እዚህ ፀሐዩ ራሱ ያቀጥነዋል። ወፍራም ስጪው።»

«ሞተር ውስጥ ቆላም ደጋም የለም! አንዴ ከሞቀ መርሳም ሆነ ፈረንጅ አገር ያው ዘጠና ዲግሪ ነው። ሠሪው አምስት ደብሊው ሠላሳ ብሎ የጻፈው ፊደል ሊያስቆጥርህ መሰለህ? የፊተኛው ቁጥር በብርድ ሲነሣ እንዴት እንደሚፈስ ይነግርሃል። የኋለኛው ሲግል ምን ያህል ውፍረት እንደሚተርፈው ይነግርሃል።»

«መጽሐፍ አታንብቢብን፣ የኔ እህት። አባቶቻችን በምን ነዱ?»

«አባቶቻችን አህያ ነዱ!»

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የገባኝ ነገር ቀላል ነበር፤ ጀብሪል ለእናቴ መኪና ቅቤ የመሰለ ወፍራም ነገር ሊያበላ ይፈልጋል፣ አክስቴ ደግሞ ውሃ ሰጥታ ልታስርባት ነው። በልቤ ከጀብሪል ጎን ቆምሁ። ዛሬ ሳስበው ከአገሩ ሰው ግማሹ እንደ እኔ ነበር፤ እኔ ግን ቢያንስ ስምንት ዓመቴ ነበር።

ነሐሴ ላይ ጦርነቱ ከወልድያ ወዲህ መጣ። ዋናው መንገድ ሰውና ፍራሽ፣ ፍየልና ጀሪካን ተደባልቆ ወደ ውርጌሳ ይፈስ ጀመር። ጀብሪል ፒካፗን እስከ አፏ ጭኖ ሄደ፤ በርሜሉን ሱቁ ውስጥ ቆልፎበት። መሸሽ ነውር አይደለም። ልጅ ያለው ይሸሻል፣ ነፍስ ያለው ይሸሻል። ነውሩ ሌላ ነው፤ እሱን ስደርስበት እናገራለሁ።

አክስቴ እነዚያን ቀናት መሪ ላይ ዋለች። ወላዶችን፣ አልጋ የያዙ ሽማግሌዎችን እየጫነች ውርጌሳና ከዚያ ወዲያ አድርሳ ትመለሳለች። በመጨረሻ ለሌላ ዙር ስትመለስ ናፍጣው አለቀ፤ ተኩሱም ከመርሳ ጫፍ ተሰማ። መኪናው ድንኳኑና ቃሬዛው ከሚቀመጥበት ከቅሬው ቤት ደጅ፣ ማንጎው ሥር ቆመ። እኛም ቀረን።

በማግስቱ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሣ አልጋዋ ባዶ ነበር። ወጥቼ አየኋት። መኪናው ሥር በጀርባዋ ተኝታለች፤ ከላይ እግሯ ብቻ ይታያል። አንድ ነገር ፈታች። ከመኪናው ሆድ ጥቁር ነገር እንደ ገመድ ወርዶ ሳህኑ ውስጥ ተጥመለመለ። የዒድ በግ ሲታረድ ያየሁት ደም ቀይ ነበር፤ ይህ ግን ጥቁር ነው፣ ይተናል፣ ማለቂያም የለውም። እስኪንጠፈጠፍ ጠበቀች። ሳህኑን ወስዳ ጓሮ ጉድጓድ ውስጥ ደፋችው፣ አፈር መለሰችበት።

ከዚያ የሆነውን በበሩ ስንጥቅ አየሁ። ቅሬው ቤት ገባች። ለሞተ ሰው ከተቀመጠው ነጭ ከፈን ቀደደች። የሆነ ነገር በእርጥብ ጨርቅ አጠበች፤ ዙሪያውን እያዞረች፣ ቀስ ብላ። በከፈኑ ጠቀለለችው። ሁለት ቦታ አሰረችው። ከሬሳው ቃሬዛ ሥር፣ ከግድግዳው ጥግ አስገባችው። ከዚያ መዳፏን ፊቷ ላይ አሳለፈች።

ጎረቤታችን የነበሩ ሽማግሌ ሲሞቱ ያየሁት ሥርዓት ይኸው ነበር፤ ይታጠባል፣ ይከፈናል፣ ቃሬዛ ይቀርባል። ስለዚህ ምንም የሚያጠራጥር ነገር አልነበረም። አክስቴ የመኪናውን ደም አፍስሳ፣ ልቡን አውጥታ ቀበረች። እናቴ ይህን ብትሰማ ምን ትላለች? ግን ስልክ የለም። መስመሩ ከተቋረጠ ቀናት አልፈው ነበር።

ታጣቂዎቹ የመጡት ያን ዕለት ረፋድ ላይ ነው። ከሰፈሩ የሚነሣውን መኪና ሁሉ እያስነሡ ወሰዱ። የእኛው ጋ ሲደርሱ ከመካከላቸው አንድ ጎልማሳ ወጣ፤ ጥፍሮቹ ሥር ግራሶ ነበረበት፣ ጠመንጃውን እንደማይመች ዕቃ ነበር የያዘው። ኮፈኖውን ከፈተ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘ፤ ደረቅ ነው።

«ዘይቱስ?» አለ በአማርኛ።

«ጠጣው» አለች አክስቴ።

«ማን?»

«መኪናው ነዋ! ምን ላድርገው፣ ጠጪ ነው። አስነሣው ካልህ አስነሣው፤ ዳገቱ ሳይደርስ ብረት ከብረት ይነካከስና እዚያው ይቀርልሃል። ገፍተህ ትወስደዋለህ።»

ሰውዬው ሳቀ። አክስቴም ሳቀች። እየሳቁ ሲተያዩ አየኋቸው። ሌላው ታጣቂ ከጀብሪል ሱቅ፣ ከተሰበረው በር፣ ከበርሜሉ በጣሳ ቀድቶ አመጣ። ጎልማሳው አልነካውም። በርሜሉ ላይ የተጻፈውን ሄዶ አነበበ፤ ተመልሶ የሞተሩ መክደኛ ላይ የተጻፈውን አነበበ። አክስቴን አየት አደረጋት። በቋንቋቸው ለጓደኞቹ አንድ ነገር ነገራቸው። ባትሪውን ብቻ ነቅለው ሄዱ።

ለእኔ ነገሩ ተዘጋ፤ አክስቴ የእናቴን መኪና ለእነሱ ብላ ገደለች፣ እነሱም አመሰገኗት።

ዛሬ እኔም እንደ እሷ ሞተር አስተምራለሁና ያን ሰው ደጋግሜ አስበዋለሁ። ያን ወፍራም ዘይት ቢያፈስሰው መኪናው ለእነሱ ጉዳይ ይበቃ ነበር። ወር ሁለት ወር ይነዱት ነበር፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ግድ የሚሰጣቸው ሰዎች አልነበሩም። ይህን እሱ አሳምሮ ያውቃል፤ ጥፍሩ ይናገራል። አክስቴ ምን እያደረገች እንደሆነም አውቋል ብዬ አምናለሁ። ለምን እንደተወላት አላውቅም። ስሙን ባውቅ ኖሮ እዚህ እጽፈው ነበር።

እስከ ታኅሣሥ ታማሚ በቃሬዛ ተሸክመን ኖርን። ቃሬዛው በተነሣ ቁጥር ሥሩ ያለው ይታያል ብዬ እፈራለሁ። አክስቴ ግን ሁልጊዜ ቀድማ ትገባና ራሷ ታወጣዋለች። ማታ አጠገቧ ስተኛ ጀርባዬን እሰጣታለሁ።

«ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ?»

«ምንም።»

«አብሽሪ፤ ያልፋል።»

አለፈ። ታጣቂዎቹ ወጡ፣ ሰው ተመለሰ፣ ጀብሪልም በፒካፑ ተመለሰ። ሱቁ መሰበሩን አየ፤ የቅሬውን መኪና አየ፤ ዘንጉን መዘዘና ገበያው መሀል ከፍ አድርጎ ይዞት ዞረ። «አድርቃ ገድላዋለች! እያወቀች!» ነውሩ ይኸውላችሁ። ሸሽቶ የዳነ ሰው ተመልሶ፣ ያልሸሸችውን ከሳሽ ሆነ። አክስቴ ያኔውኑ መልስ መስጠት ትችል ነበር። ግን በገበያ ለሚጠይቃት ሰው በገበያ አትመልስም። «ቅሬው ይጥራኝ» አለች። ቅሬው ጠራት።

ጉባኤው የተቀመጠው ማንጎው ሥር፣ የቆመው መኪና አጠገብ ነው። የቅሬው ዳኛ ሸህ ሙሐመድዘይን ናቸው፤ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ እጃቸው ከመቁጠሪያቸው፣ ከሙስበሃው፣ የማይለይ ሽማግሌ። ከጎናቸው ሽንኩርት በመስኖ የሚያለሙት ክርስቲያኑ ምክትላቸው አቶ ገበየሁ። ዱዓ ተደረገ። ጀብሪል ተነሣ።

«መኪናውን አደረቀችው፤ ሞተ። ከታጣቂዎቹ ጋር ስትስቅ የታየች እሷ ናት። እኔ ተመልሼ ዘይት በነፃ ላፍስስ ስል በሩን ዘጋችብኝ። ከቅሬው ትውጣ! ቁልፉም ለሚያውቅበት ይሰጥ።»

ማጉረምረም ሆነ። «ከቅሬ ትውጣ» የሚለው ቃል ሲነገር አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እኔ እንኳ ምን ማለት እንደሆነ አውቅ ነበር። አክስቴ ብትሞት የሚያጥባት የለም ማለት ነው። ነፍሰ ገዳይ ብትሆንም ይህን አልፈለግሁም።

«ሀጂራ፣ ልጄ» አሉ ሸሁ፣ «ተናገሪ።»

«አባባ፣ አንቱ ፊት አልዋሽም። አድርቄዋለሁ። በገዛ እጄ።»

ጀብሪል ጭኑን መታ። «አመነች!»

«ቁጭ በል፤ ገና አልጨረስሁም። የዚያን ዕለት ጠዋት ከሰፈራችን የሚነሣ መኪና ሁሉ ተወሰደ። ሙሉ የነበረው ሁሉ! ዘይት የሌለው ሞተር ግን ማንም አያስነሣም፤ ያስነሣ እንደሆነ ይነክሳል። ባዶ ስለነበረ ቀረ። አሁንም ማንጎው ሥር ቆሟል፤ ዓይን ያለው ይየው። አዎ፣ ስቄያለሁ። ምን ላድርግ ነበር፣ ላልቅስ? ባለቅስለት ጥሩ መኪና ነው ብለው ይወስዱት ነበር።»

እኔ ከእናቶች ጀርባ ቁጭ ብዬ ይህን ሰማሁ። ቃላቱ ገቡኝ፤ ነገሩ ግን አልገባኝም። ደሙን ያፈሰሰችው እንዳይወስዱት ከሆነ፣ ልቡን ለምን ቀበረችው?

«ይሁን» አለ ጀብሪል፣ ፊቱ እየጠቆረ። «ታዲያ ከተመለስን በኋላ የኔን ዘይት ለምን ከለከልሽ?»

«አንድ ወላድ ምጥ ላይ ብትሆን እኔ ራሴ ካንተ በርሜል ቀድቼ አፈስስ ነበር። ለአንድ ቀን መንገድ ሞተሩ ይችለዋል። አንተ ያልኸው ግን ለዘለዓለም ነው።» ወደ አቶ ገበየሁ ዞረች። «ጋሼ ገበየሁ፣ አንቱ ውሃ ያውቃሉ። ዋናው ቦይ ደለል ቢገባው ምን ይሆናል?»

«ምን ይሆናል፤ ሰፊ ነው፣ ይዞት ይሄዳል።»

«የሽንኩርት መደቡ ቦይስ?»

«እሱማ ወዲያው ይደፈናል። መደቡ ይደርቃል።»

«የድሮ ሞተር ዋናው ቦይ ነው፤ ወፍራምም ቆሻሻም ይሸከማል። ይህ አዲሱ ግን የሽንኩርት ቦይ ነው፤ መንገዱ እንደ ክር ነው። ቀጭን ዘይት የተጻፈለት ለዚህ ነው። ደግሞ ጭሱ የሚወጣበት ማርሚታው ላይ ማጥሪያ አለው። ዘይት ምንጊዜም ትንሽ ትንሽ ይቃጠላል፤ ሲቃጠል አመድ ይተዋል። ጥላሸቱን ማጥሪያው ራሱ አንድዶ ያጠፋዋል፤ አመድን ግን ማን ያነድደዋል? ይከማቻል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ መኪና አመዱ ያነሰ ዘይት አለ፤ ጣሳው ላይ ሲ ሦስት ተብሎ ተጽፏል።»

ጀብሪል ዘለለ። «ሲ! ሰማችሁ? የኔም በርሜል ላይ ሲ አለ! ሲ ኤፍ አራት! ያው ሲ ነው!»

«የአንተ ሲ የአሜሪካኖቹ ነው፤ ናፍጣ ለሚጠቀም ሞተር ማለት ነው፤ ያውም ለዛሬው ሞተር አያቶች። የእኔ ሲ የአውሮፓውያኑ ነው፤ ማጥሪያ ላለው ሞተር ማለት ነው። ሚዛኑን ያወጡት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ውርጌሳ ሌላ ጀብሪል ቢኖር ሚስትህ እሱን ታገባለች?»

ሳቁ ማንጎውን አራገፈው። ሸሁ እንኳ ጢማቸውን ዳበሱ። ጀብሪል ግን እጅ የሚሰጥ ሰው አልነበረም፤ ይህን አከብርለታለሁ።

«የኔ ፒካፕስ? እሷም አዲስ ናት፣ ማጥሪያም አላት። በዚሁ ዘይት አዲስ አበባ ደርሳ ተመልሳለች!»

«መሪው ፊት የሚበራው ብርቱካናማ መብራትስ?»

«እሱማ... እሱ ዝም ብሎ ነው የሚበራው።»

«ዳገት ላይ እንዴት ናት?»

«እንደ ንብ!»

ሸህ ሙሐመድዘይን ሙስበሃቸውን ሰበሰቡ። «እኛ ሞተር አናውቅም» አሉ። «ዳገት ግን ዋሽቶ አያውቅም። የሀጂራ መኪና ከተነሣ ሁለታችሁም ዛሬውኑ ወልድያ ትወጣላችሁ። እኔ ከጀብሪል ጋ እሳፈራለሁ፤ ገበየሁ ከሀጂራ ጋ። ያንቺ ከመንገድ ከቀረ ከቅሬው ትወጫለሽ፤ ቁልፉም የጀብሪል ነው። ተስማምተሻል?»

«ተስማምቻለሁ።»

«ዘይቱስ የታል?»

አክስቴ ቅሬው ቤት ገባች። እኔ ተነሣሁ። ቃሬዛው ሲጎተት ሰማሁ። በከፈን የተጠቀለለውን ነገር በሁለት እጇ ታቅፋ ወጣች።

«አትክፈቺው!» ብዬ ጮኽሁ። «አክስቴ፣ አትክፈቺው! ያዩታል!»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። አክስቴም አየችኝ። እነዚያን ወራት ሙሉ ጀርባዬን ለምን እንደሰጠኋት ያኔ የገባት ይመስለኛል፤ ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ሲለሰልስ አየሁ።

«ነይ እስቲ» አለችኝ። «ነይ እዪው።»

ቋጠሮውን ፈታች። ልብ አልነበረም። አፋቸው እንደታሸገ ሁለት ነጫጭ ጀሪካኖች ነበሩ።

«በከፈን?» አለ አንዱ።

«ከቃሬዛ ሥር እጁን የሚያስገባ ወታደር የለም ብዬ ነው። አቧራ እንዳይገባበትም አጥቤ ነው የጠቀለልሁት። ከፈኑን እተካለሁ፣ አባባ።»

«ሱብሃነላህ» አሉ ሸሁ።

«በዕድሜዬ» አሉ አቶ ገበየሁ፣ «ዘይት ሲገነዝ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።»

አክስቴ መክደኛውን ከፍታ ስታፈስስ አጠገቧ ቆምሁ። ፀሐዩ መሀሉን አልፎ ያሳየዋል፤ እንደ ወለላ ቢጫ፣ ያለ ድምፅ የሚወርድ። የወጣው ጥቁር ነበር፣ የሚገባው ወርቅ ነው። አቶ ገበየሁ ከልጃቸው የጭነት መኪና ባትሪ አስነቅለው አመጡ። ናፍጣ ተቀዳ። አክስቴ ወዲያው አላስነሣችም። ጠበቀች፤ ዘንጉን መዘዘች፣ ጠረገች፣ ደግማ መዘዘች። መሪው ፊት የዘይት ማሰሮ ምስል ያለበት ቀይ መብራት ነበር። «እሱ ሲጠፋ ዘይቱ ደርሷል ማለት ነው» አለችኝ። ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ ሳል አደረገው፤ ደግሞ ሳል አደረገው። ተነሣ። ቀዩ መብራት ጠፋ።

እልልታው ከየት እንደጀመረ አላውቅም። እናቶች ያሉት መሰለኝ፤ ቆይቼ ሳስተውል እኔም እልል እያልሁ ነበር።

ጀብሪል ጡሩምባውን እየነፋ ቀደመን፤ ሸሁ ከጎኑ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። እኛ ከኋላ ተከተልን፤ አቶ ገበየሁ ፊት፣ እኔ በመሀል። ዳር ዳሩን የተቃጠሉ መኪናዎች ነበሩ፤ አክስቴ ወደ እነሱ አላየችም። ሲሪንቃን እስክናልፍ የፒካፗ አቧራ እንኳ ራቀን።

«ቀደመን'ኮ» አሉ አቶ ገበየሁ፣ ትንሽ አዝነው።

«ሜዳ ነው፣ ጋሼ። ሜዳ ላይ ሁሉም ጀግና ነው።»

ዳገቱ ጀመረ። መጀመሪያ የፒካፗን ጀርባ አየን። ቀጥሎ ታርጋዋን። ቀጥሎ የኋላ መስተዋቱ ውስጥ የሸሁን ጥምጣም። ፒካፗ እንደ ደከመች ላም እየዘገመች ነበር፤ ጀብሪል ነዳጅ ይረግጣል፣ ሞተሩ ያጓራል፣ ጎማው ግን አይሰማም። ከመታጠፊያው ላይ ቆመች። አዲስ መኪና ማጥሪያው ሲደፈን ሞተሩን ለማዳን ራሱን ያደክማል፤ ብርቱካናማው መብራት ለወራት ሲነግረው የነበረው ይህንኑ ነው። ጌጥ መስሎት ነበር።

አክስቴ ከፒካፗ ጎን አቆመች። ጀብሪል ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ። ሸህ ሙሐመድዘይን መስኮቱን ቀስ ብለው አወረዱ።

«ሀጂራ፣ ልጄ» አሉ፣ «ገመድ አለሽ?»

አቶ ገበየሁ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አክስቴ ገመድ ነበራት። አሰረች። ሸሁ ወርደው ወደ እኛ መጡ፤ እኔ ወደ ኋላ ወንበር ተሸጋገርሁ። ቀጭን ዘይት የጠጣው የቅሬው መኪና፣ ወፍራም ዘይት የጠጣችውን ፒካፕ ከነባለቤቷ እየጎተተ ዳገቱን ወጣ። ሞተሩ አላማረረም። እኔ በኋላው መስተዋት ጀብሪልን አየሁት፤ ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ፣ የሚነዳ መስሎ ለመታየት ይጣጣር ነበር።

ወልድያ መግቢያ ላይ ቆምን። የባጃጅ ሾፌሮች ከበቡን፤ ወሬው ከእኛ በፊት የደረሰ ይመስል አንዱ «ማን ማንን ነው የጎተተው?» ይላል። ሸሁ ወርደው ፍርዳቸውን ቆመው ተናገሩ።

«ቁልፉ የሀጂራ ነው። ከቅሬው የሚወጣ ሰው የለም፤ ጀብሪልም አይወጣም። አንተ ጀብሪል!»

«አቤት፣ አባባ።»

«ጣትህን ለሙስበሃ ጠብቀው።»

ጀብሪል ራሱን ዝቅ አደረገ። ከዚያ፣ እኔ እንኳ ባልጠበቅሁት ድምፅ፣ «ሀጂራ... የኔዋን ማጥሪያ ታጸጂልኛለሽ?» አላት።

«ነገ ኮሌጅ አምጣት። ከተማሪዎቼ ጋር ቆመህ ትማራለህ።» መጣም። ቆሞም ተማረ።

ገና እዚያው ወልድያ መግቢያ ሳለን ነው የአክስቴ ስልክ የጮኸው። መስመሩ ወልድያ ተመልሶ ኖሯል። ድምፁ ከሩቅ እየተቆራረጠ መጣ፤ እናቴ ነበረች። በመጀመሪያ ለቅሶ ብቻ ነው የተሰማው። «ዙልፋ አለች?» አለች። «አለች፤ ደኅና ናት» አለች አክስቴ። ከዚያ፣ ለመጠየቅ የፈራች በሚመስል ድምፅ፣ «መኪናውስ?»

አክስቴ ኮፈኖውን ከፈተች፣ ሞተሩን አስነሣች፣ ስልኩን ከሞተሩ በላይ ያዘችው። ሞተሩ ለጂዳ ተናገረ፤ ዝግ ብሎ፣ ሳያቋርጥ፣ ዘይቱ እንደሚገባው እየዞረለት። ቀጥሎ ከስልኩ እልልታ ወጣ፤ የአንድ ሴት አልነበረም፤ እዚያ አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ሴቶች ተሰብስበው እንደነበር እንጃ። መንገድ ዳር የቆሙት የወልድያ ሴቶች ምክንያቱን ሳያውቁ እልልታውን ተቀበሉት፤ ከመንገዱ ማዶም ሌሎች ተቀበሉ።

እኔ በሩን ከፍቼ የፊት ወንበሩ ላይ ወጣሁ፤ እናቴ ጭን ላይ ተቀመጥሁ።